ጥፋተኛው የቱ ነው? የቆዳ ፕላስተር ምርመራ አጭር ታሪክ



ባለፈው ዓመት በብድር መዝገባችን ላይ የአንዲት አባላችን ክፍያ ለሦስት ወር ተቋረጠ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ዋሶቿ ይጠሩ የሚል ሐሳብ ያቀረብኩት እኔው ነኝ። ኮሚቴው ግን መጀመሪያ ቤቷ ሄደን እንድናያት ወሰነ። ልብስ በማጠብ የምትተዳደረው እኅታችን እጇ ተሰነጣጥቆ፣ ጣቶቿ አብጠውና ውኃ ቋጥረው አገኘናት። አንዱ ጎረቤት «ምች ነው» ብሏታል፤ ሌላዋ «ሳሙናው ነው» ብላታለች። እሷም ሳሙናውን ፈርታ የጎማ ጓንት ገዝታ ማጥለቅ ጀመረች። ባሰባት እንጂ አልተሻላትም።

ይህንኑ ጀርመን አገር በጽዳት ሥራ ለምትኖረው ታላቅ እኅቴ በስልክ አጫወትኳት። «የእኔም እጅ እንደዚያው ነበር» አለችኝ። «ሐኪሙ ጀርባዬ ላይ ፕላስተር በረድፍ ለጥፎ ከሁለት ቀን በኋላ አነሣው። ጥፋተኛው ሳሙናው ሳይሆን ጓንቱ ሆኖ ተገኘ።» ሰው ራሱን ሊጠብቅበት የገዛው ነገር እንዴት ይጎዳዋል? ይህ ጥያቄ አላስቀምጥ ቢለኝ ስለ ምርመራው ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1895 ነው። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ባዜቃን፣ ማለትም ሜርኩሪን፣ ለቂጥኝና ለቆዳ ሕመም ይሰጡ ነበር። አንዳንዱን ሰው ግን መድኃኒቱ ራሱ ቆዳውን ያስቆጣው ነበር። ዮሴፍ ያዳሶን የተባለ የቆዳ ሐኪም ባዜቃ ያለበትን ፕላስተር በእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ጤነኛ ቆዳ ላይ ለጠፈ። ሽፍታው በተለጠፈበት ቦታ ወጣ። ይህንንም ኦስትሪያ ውስጥ በግራትስ ከተማ በተካሄደው የጀርመን የቆዳ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ አስረዳ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሕመሙን በትንሹ፣ በታወቀ ቦታና በታወቀ ነገር ሆን ብሎ መቀስቀስ።

ከእሱ በኋላ ብሩኖ ብሎክ በስዊዘርላንድ፣ በባዝልና በዙሪክ፣ ዘዴውን አስፋፋው። ከብሎክ ዘንድ የተማረው ማሪዮን ሱልዝበርገር ደግሞ ወደ አሜሪካ ወሰደው። በ1939 የዴንማርኩ ሐኪም ፖል ቦኔቪ ሰውን ደጋግመው የሚያስቸግሩ 21 ነገሮችን መርጦ በዝርዝር አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ በግምት ብቻ አይሄድም፤ ዝርዝሩን ይዞ አንድ በአንድ ይፈትሻል። እኔም ሒሳብ ሳይመጣጠን ሲቀር የማደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ያለው በአንድ መስመር ላይ ነውና እያንዳንዱን መስመር አያለሁ።

መጠኑም ትልቅ ጉዳይ ነው። በረኪና ወይም እርጥብ ሲሚንቶ እንዳለ ቢቀባ የማንንም ቆዳ ያቃጥላል፤ ያ አለርጂ አይደለም። ስለዚህ የሚመረመረው ነገር ብዙውን ጊዜ ከቫዝሊን ጋር ተቀላቅሎ በተለካ መጠን ነው የሚለጠፈው። ይህን በቤታችን እንሞክር ብንል ራሳችንን እናቃጥላለን።

ውጤቱ ለምን ቀናት ይፈልጋል? በ1942 የደም ዓይነቶችን ያገኘው ካርል ላንድስታይነርና ሜሪል ቼዝ ይህ ዓይነቱ አለርጂ ከአንዱ ጊኒ ፒግ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በነጭ የደም ሴሎች እንጂ በደም ፈሳሽ እንዳልሆነ አሳዩ። ሴሎቹ ነገሩ ወደተለጠፈበት ቦታ ተሰብስበው እስኪቆጡ ጊዜ ይፈጃል። ለዚህ ነው ፕላስተሩ 48 ሰዓት ቆይቶ የሚነሣው፤ ቆዳውም ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እንደገና የሚታየው። ዛሬ የነካን ነገር ከነገ ወዲያ ስለሚያሳክከን ነው ጥፋተኛውን የምንስተው።

ምርመራው የጠቀመው አንድ አንድ ሰውን ብቻ አይደለም። የግንበኞችን እጅ የሚያቆስለው በሲሚንቶ ውስጥ ያለ ክሮሚየም መሆኑ ሲታወቅ፣ ዴንማርክ በ1983 ሲሚንቶ ውስጥ ፌረስ ሰልፌት እየተጨመረ ክሮሚየሙ እንዲቀነስ በሕግ ደነገገች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2005 ተመሳሳይ ገደብ ሥራ ላይ አዋለ። በጆሮ ጌጥና በሱሪ ቁልፍ ውስጥ ስላለው ኒኬል ደግሞ በ1994 መመሪያ አወጣ። በቀን ሥራ ሲሚንቶ የሚሸከሙ አባሎቻችንን ሳስብ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይመስለኝም።

የጓንቱንም ነገር ተረዳሁ። ብዙ ጊዜ አለርጂ የሚያመጡት ጎማው ሲሠራ ቶሎ እንዲጠነክር የሚጨመሩት ኬሚካሎች ናቸው።

የእኅታችን ችግር ጓንቱ ይሁን ሌላ፣ እኔ ልፈርድ አልችልም፤ ያንን የሚናገረው ሐኪም ነው። ኮሚቴው የክፍያዋን ጊዜ አራዝሞላታል፤ ወደ ቆዳ ሐኪም የምትሄድበትን ወጪም ከመረዳጃው ሣጥን ሸፍነናል። እስከዚያው ደብተር ሰጥቻታለሁ። በየቀኑ እጇ የነካውን ሳሙና፣ ጓንት፣ ቅባት፣ ሽንኩርትም ቢሆን ትጽፋለች፤ ያሳከካትንም ቀን ምልክት ታደርጋለች። ለሐኪሙ ይዛው ትሄዳለች።

ሌሎቻችሁም እጃችሁ ካልዳነ ዝም አትበሉ፤ ንገሩን። እኔም ከእንግዲህ መዝገቡ ላይ ባዶ መስመር ሳይ ዋስ ከመጥራቴ በፊት የሰውየዋን እጅ አያለሁ።