ከጊንጪ እስከ አምቦ፦ የሻይ ቤቶቻችንና የዳቦ ቤቶቻችን ታሪክ



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጦርነትንና ነገሥታትን ነው። በዛሬው ዝግጅታችን ግን በየመንገዱ ዳር ስላሉት ሻይ ቤቶች፣ ዳቦ ቤቶችና ምግብ ቤቶች እንነጋገራለን። «ይህም ታሪክ ተብሎ ይወራል ወይ?» የሚል አይጠፋም። አባቶቻችን በየከተማው እንዴት እንደገቡ፣ ከማን ጋር እንደኖሩና ምን በልተው እንዳደሩ ከእነዚህ ቤቶች በላይ የሚመሰክርልን ግን ጥቂት ነው።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ የሚደርሰው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጊንጪ የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን አካባቢዋ ጤፍና ስንዴ የሚታፈስበት ነው። አምቦ ደግሞ በፍል ውኃዋ የታወቀች በመሆኗ መንገደኛ አይለያትም። እኛም ለኒካሕ፣ ለጀናዛና ለትምህርት ጉዳይ ይህን መንገድ ለብዙ ዓመታት ተመላልሰንበታል። በቅርቡም ቀድሞ የምናርፍባቸውን ቤቶች እየፈለግን ዳግም ጎብኝተናቸዋል። ከፊሎቹ እንደነበሩ አሉ። ከፊሎቹ ወደ ልጅ ተላልፈዋል። የሌሎቹ ቦታ ደግሞ ሕንፃ ቆሞበታል።

በእነዚህ ቤቶች ጠዋት የሚቀርበውን አስተውሉ። ጨጨብሳው የአካባቢው የኦሮሞ እናቶች ሙያ ነው። ፉል በዓረብኛ ባቄላ ማለት ነው። ሳምቡሳ ከፋርስ ተነስቶ በዓረቦች በኩል ዓለምን የዞረ ሲሆን በ10ኛው ምዕተ ዓመት ባግዳድ ውስጥ በተጻፈ የምግብ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ፉርኖ በጣልያንኛ የዳቦ ምድጃ ነው፤ እኛ የምድጃውን ስም ለዳቦው ሰጠነው። ፓስቲም እንዲሁ ከጣልያን አፍ የመጣ ነው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ቁርስ ከአራት አገር የተሰበሰበ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ እንዴት መጣ? የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በርካታ የየመን ሰዎች በዓደንና በጅቡቲ በኩል ወደ አገራችን ገብተው በየከተማው ተበተኑ። «ዓረብ ቤት» የሚለው የድሮ ስም የእነርሱን ሱቅ የሚያመለክት ነው። ጨው፣ ስኳር፣ ላምባና ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ዳቦ የሚጋግሩ፣ ሻይ የሚያፈሉና ሥጋ ቤት የከፈቱም ነበሩባቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ያረፉት የታሪክ ምሁር ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የደሴ ማዘጋጃ ቤትን መዛግብት አገላብጠው በዚያች ከተማ ስለነበሩት የመኖች ጽፈውልናል። እርሳቸው ያንን ባያደርጉ ኖሮ ብዙው ነገር ተረስቶ ይቀር ነበር።

ቀጥሎ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም የጣልያን ወረራ መጣ። ወራሪው ለጦሩና ለንግዱ ሲል ወደ ምዕራብ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ ሠራ። የፉርኖ ዳቦ፣ ፓስታና ማኪያቶም በዚያ ዘመን ተስፋፉ። ወራሪው ተባረረ፤ መንገዱና ምድጃው ግን በአገሬው እጅ ቀሩ። በጭነት መኪና መንገድ ላይ ሻይ ቤት መክፈት ትንሽ ገንዘብ ላለው ሰው የመጀመሪያው የንግድ በር ሆነ። በዚህ ሥራ ከኦሮሞው ወገናችን ጋር የስልጤና የጉራጌ ልጆች ብዙ ደክመዋል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ የብዙ ነጋዴዎች ቤት የመንግሥት ሆነ። በርካታ የመኖችም አገሩን ለቀው ሄዱ። ዳቦ መጋገሩ ግን አልተቋረጠም፤ ከእነርሱ ሥር ሙያውን የተማሩ ወጣቶች በኪራይ ቤት ቀጠሉበት።

ውድ አድማጮች፣ እነዚህ ቤቶች ለሙስሊሙ ምን ነበሩ? በአገራችን ሙስሊሙ የሙስሊም እርድ፣ ክርስቲያኑ የክርስቲያን እርድ መብላቱ የቆየ ሥርዓት ነው። በዚህም ምክንያት ሙስሊሙ ጥቂት በሆነበት ከተማ የሚያልፍ መንገደኛ በበሩ ላይ የጨረቃ ምልክት ያለበትን ቤት ይፈልጋል። ካላገኘ በዳቦና በሻይ ይውላል። ዳቦና ሻይ እርድ የለባቸውምና በሻይ ቤት ውስጥ ሁለቱም ጎረቤታሞች በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ከአንድ ሳህን ይቆርሳሉ። በሠርግ ላይ ክርስቲያኑ ለሙስሊም እንግዳው ሙስሊም አራጅ እንደሚያስጠራ፣ ሙስሊሙም ለክርስቲያን ወዳጁ እንዲሁ እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ መከባበር በየቀኑ የሚታደሰው በሻይ ቤት ነው።

እንግዲህ ያ የጨረቃ ምልክት አማና ነው። መንገደኛው ባለቤቱን አያውቀውም፤ የሚያምነው ምልክቱን ነው። በጉብኝታችን ምልክቱ ተሰቅሎ «ሥጋው ከየት ነው? ማን አረደው?» ስንል አስተናጋጁ መልስ ያጣበት ቤት አጋጥሞናል። ባንጻሩ ሳንጠይቀው አራጁን ጠርቶ ያስተዋወቀን ባለቤትም አለ። ይኸኛው የአባቶቹን ስም ጠብቋል።

የዳቦም ነገር እንዲሁ ነው። በ12ኛው ምዕተ ዓመት በሻም የኖሩት አሽ-ሸይዘሪ ስለ ገበያ ተቆጣጣሪው፣ ማለትም ስለ ሙሕተሲብ፣ በጻፉት መጽሐፍ ለዳቦ ጋጋሪዎች ምዕራፍ ሰጥተዋል። የምድጃው ቤት ጣሪያ ከፍ ያለና ጭስ ማውጫ ያለው እንዲሆን፣ ሊጥ በእግር እንዳይቦካ፣ አቡኪው አፉን እንዲሸፍንና ላቡ እንዳይንጠባጠብ ግንባሩን እንዲያስር አዘዋል። ያ ትእዛዝ ከወጣ ከ800 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ዱቄት ሲወደድ ዋጋውን በግልጽ የሚጨምር ጋጋሪ አለ፤ ዋጋውን ሳይነካ ዳቦውን በድብቅ የሚያሳንስም አለ። ሱረቱል ሙጠፊፊን የወረደችው ስፍር በሚያጎድሉ ሰዎች ላይ መሆኑን ሁለተኛው ሊዘነጋ አይገባውም።

በመጨረሻም ለየቤተሰቡ አደራ አለን። ሻይ ቤት፣ ዳቦ ቤት ወይም ሥጋ ቤት የነበራቸው አያቶች በሕይወት ካሉ ልጆች ይጠይቋቸው። ከየት መጡ? ምድጃውን ማን ሠራላቸው? ዱቄቱን ከማን ገዙ? በ1967 ምን ሆኑ? ጎረቤታቸው ማን ነበር? መልሱን በደብተር ላይ፣ ከተቻለም በድምፅ ይያዙት። የደሴው ታሪክ የተገኘው አንድ ምሁር አሮጌ መዝገብ ስለገለጠ ነው። የጊንጪና የአምቦ መዝገብ ግን አብዛኛው ያለው በሽማግሌዎች ልብ ውስጥ ነው፤ በየጀናዛውም ከዚያ መዝገብ አንድ ገጽ አብሮ ይቀበራል።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ሚዛናችንን ሙሉ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።