አስታማሚ ስንቀጥር ምን እንይ? ብርታት፣ አማና እና ያጠፉትን መናገር

እናት ወይም አባት በስትሮክ፣ በዳሌ ስብራት ወይም በእርጅና ምክንያት አልጋ ላይ ሲውሉ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ያስታምማቸው?» ብሎ ነው። ድሮ መልሱ እዚያው ቤት ውስጥ ይገኝ ነበር፤ ምራት፣ ያላገባች ልጅ ወይም ከገጠር የመጣች የእህት ልጅ ትይዛቸዋለች። አሁን ልጆች ሥራ ይውላሉ፣ ገሚሱም ባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ በደመወዝ አስታማሚ የሚቀጥር ቤት በዝቷል። በሌላ በኩል በሳዑዲ፣ በኩዌትና በሊባኖስ በሰው ቤት አረጋውያንን እያጠቡና እያጎረሱ የሚያድሩ እህቶች አሉን። ይህ ጽሑፍ ለቀጣሪውም ለተቀጣሪዋም ነው። ሥራው በአብዛኛው በሴቶች እጅ ስለሆነ «እሷ» እያልን እንጽፋለን፤ ለወንድ አስታማሚም ነገሩ ያው ነው።

በሱረቱል ቀሶስ 26ኛው አንቀጽ ላይ የመድየኑ ሽማግሌ ልጅ ሙሳን (ዐ.ሰ) እንዲቀጥሩ አባቷን ስትመክር ሁለት ባሕርያትን አንስታለች፤ ብርታትንና ታማኝነትን። ነገሩ የተነሣው ስለ መንጋ ጥበቃ ቢሆንም ዑለሞች ለሌላም ኃላፊነት መለኪያ አድርገው ያነሡታል። ለአስታማሚም ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘንም።

ብርታት ሲባል ጉልበት ብቻ አይደለም። ሰውነታቸው የከበደ አባትን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ለማዛወር ጉልበት ያስፈልጋል፤ ዘዴውን የማታውቅ ጠንካራ ሴት ግን የራሷን ወገብ ትጎዳለች፣ ወይም በስትሮክ የደከመውን እጃቸውን ይዛ ስትጎትት ትከሻቸውን ታወልቃለች። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎኑ ካልተቀየረለት ዳሌው፣ መቀመጫውና ተረከዙ ይቆስላል። የቁስሉ መነሻ የቆዳ መቅላት ነው ይባላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅ ዳስሶ የሞቀውን ወይም የጠጠረውን ቦታ መለየት ይጠይቃል። ማጉረስም እንዲሁ ነው። ጋደም ብለው የሚጎርሱ ታማሚ ትን ይላቸዋል፣ ምግቡም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ቀና አድርጎ ማብላት፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና እንዳሉ ማቆየት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በትምህርት የሚገኝ ነው። እንዲያውም ሥራውን የማታውቅ ግን የምትጠይቅ ሴት፣ «ሁሉን አውቃለሁ» ከምትለው ትሻላለች እንላለን።

ሶብር በትምህርት ብቻ አይመጣም። የመርሳት ሕመም ያለባቸው እናት ከ20 ዓመት በፊት ወደ አኺራ የሄዱትን ባለቤታቸውን «ገና አልመጡም?» እያሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ጊዜ ይጠይቁ ይሆናል። «ሞተዋል አላልኩዎትም!» ማለት በየቀኑ እንደ አዲስ መርዶ መንገር ነው። ጥሩ አስታማሚ ስለ ሰውየው ታስወራቸዋለች፤ ምን ይወዱ እንደነበር፣ የት እንደተጋቡ። ቁጣዋ ሲመጣባት ደግሞ ታማሚዋ ደኅና መሆናቸውን አይታ ለጥቂት ደቂቃ በረንዳ ላይ ትወጣለች። ሱረቱል ኢስራእ 23ኛው አንቀጽ ወላጅን «ኡፍ» ማለትን እንኳ ይከለክላል። ትእዛዙ የወረደው ለልጆች ነው። ልጅ ግን የራሱን ግዴታ ለሌላ ሰው እጅ ሲሰጥ፣ ያ እጅ ወላጁን እንዴት እንደሚይዝ፣ አንደበቱም እንዴት እንደሚናገር ማየቱ ግድ ነው።

ሐያእ ያላትን ሴት በማጠቢያ ሰዓት እንለያታለን። በሩን ትዘጋለች፣ የማትታጠበውን የሰውነት ክፍል በፎጣ ትሸፍናለች፣ ልታደርግ ያሰበችውን አስቀድማ ትናገራለች። ዳይፐር ስለመቀየር ከጎረቤት ጋር አታወራም፣ የታማሚውንም ፎቶ በስልኳ አታነሳም። ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ እንዲያጥብ ማድረግ መሠረቱ ነው፤ ችግር ሲያስገድድ የሚፈቀደው በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ነው።

አማና ስንል ብዙ ሰው ገንዘብና ወርቅ ይታወሰዋል። እኛ ይበልጥ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ማንም በሌለበት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አባት ከአልጋ ወድቀው ይነሣሉ። ምንም የሚታይ ቁስል የለም። አስታማሚዋ ዝም ካለች ማንም አያውቅም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ግን ጭንቅላታቸው ተመትቶ ከሆነ ውስጥ ውስጡን ደም ሊፈስሳቸው ይችላል፤ ምልክቱ የሚመጣው ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል። ኢንሱሊንም እንደዚሁ ነው። መውጋቷን የዘነጋች ሴት «ለማካካስ» ደርባ ብትወጋ፣ ወይም ተወግተው ምግብ እምቢ ማለታቸውን ብትደብቅ፣ ስኳራቸው ወርዶ ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ራሳቸውንም ሊስቱ ይችላሉ። እንግዲህ ከምንም በላይ የምንፈልገው ያጠፋችውን በዚያው ሰዓት ደውላ የምትናገር ሴት ናት። የምትሳሳት ሁሉ ትባረር የሚል ቤት ይህችን ሴት አያገኝም። በመጀመሪያው ስሕተት የተሰደበች አስታማሚ ሁለተኛውን ትደብቃለች፤ ጥፋቱ ያን ጊዜ የእሷ ብቻ አይደለም።

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት ሲያገለግሉ አንድ ቀን እንኳ «ኡፍ» እንዳልተባሉ ተናግረዋል፤ ዘገባው በቡኻሪም በሙስሊምም ይገኛል። ቀጣሪዎች ይህን ደጋግመን ብናስታውስ ጥሩ ነው። ሌሊቱን ሦስት አራት ጊዜ የምትነሣ ሴት ቀን ካልተኛች፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ከሌላት፣ በጎ ባሕርይዋ ሁሉ በጥቂት ወራት ይሟጠጣል። ምግብ አብሳይ፣ ልብስ አጣቢና ልጅ ጠባቂ አድርገን ከቀጠርናት ደግሞ አስታማሚ አልቀጠርንም። ደመወዟ በቀኑ ይከፈል።

የታማሚውን ዒባዳ መጠበቅም የሥራው ክፍል ነው። ለውዱእ ውኃ ማቅረብ፣ ውኃ የሚጎዳቸው ከሆነ ለተየሙም ማመቻቸት፣ አልጋውን ወደ ቂብላ ማዞር፣ የሶላት ወቅት ማስታወስ። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ እንደሚሰግድ ታውቃለች። የረመዳን ነገር ግን አስቸጋሪ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ሽማግሌ «ልጹም» ብለው ሲያለቅሱ አስታማሚዋ በራሷ መፍቀድም መከልከልም የለባትም፤ ለቤተሰብ ታሳውቃለች፣ ቤተሰብ ሐኪምና ዓሊም ይጠይቃል። መዳን ለማይጠበቅለት ሕመምተኛ በየቀኑ አንድ ሚስኪን በማብላት ፊድያ መክፈል እንዳለ በለሆሳስ ማስረዳት ብዙ ጊዜ ያረጋጋቸዋል። አስታማሚዋ ሙስሊም ካልሆነችም ይህን ልናስተምራት እንችላለን፤ ጎረቤትን በእኩል ዓይን በምታይበት አገራችን ብዙዎቹ በደስታ ይይዙታል።

ለምርጫው ጊዜ ደግሞ ጥቂት ልምድ እናካፍል። ለመጀመሪያ ቀን ስትመጣ ታማሚው ባሉበት እናነጋግራት፤ ሰላምታዋን ለእሳቸው ታቀርባለች ወይስ በአልጋቸው ላይ አሻግራ ከእኛ ጋር ብቻ ታወራለች? «በፊት ስትሠሪ ያጠፋሽው ነገር አለ?» ብለን እንጠይቅ፤ «ምንም» የምትለዋን ትንሽ እንጠራጠር። ከዚያ ሁለት ሳምንት እንሞክር፤ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮ ይደር፣ መድኃኒቱና የወገን ቅያሬው በደብተር ይጻፍ፤ መጻፍ ካልቻለች ምልክት ታድርግ። ሁለቱ ሳምንታት ሲያልቁ ታማሚውን ለብቻቸው እንጠይቃቸው። መናገር የማይችሉ ከሆነ እሷ ወደ ክፍሉ ስትገባ ፊታቸውን እንይ።