ሳይሰናበቱ የሄዱ

ባለፈው ሰሞን ከዶርማችን ልጆች አንዱ ከነቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ነው ተባለና ቡና አፈላንለት። ሳንቲም ተዋጣ፣ ቆሎ ተቆላ፣ ዳቦ ተገዛ። አንዱ ይቀልዳል፣ አንዱ ይመርቃል፤ ልጁ ደግሞ አንዴ ይስቃል፣ አንዴ አንገቱን ይደፋል። ሊነጋጋ ሲል «እናንተ ልጆች፣ እኔ ሽኝት አልችልም፤ ሳልሰናበታችሁ ብሄድ ይሻለኝ ነበር» አለን። ቀልድ መስሎን ሳቅን። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ለመሆኑ ሳይሰናበቱ መሄድ ይሻላል? በታሪካችን ውስጥ ሳይሰናበቱ የሄዱ ሰዎች አሉና ጥያቄውን ወደ እነሱ ወስዶ ማየት ይቻላል። ይህች ጽሑፍ የምትናገረው ስለ ጎንደርና ስለ ትግራይ ቤተ እስራኤሎች ነው።

ስንብት በእኛ ዘንድ እንባ ብቻ አይደለም፤ ሥርዓት ነው፣ ሒሳብም ነው። መንገደኛ ሊወጣ ሲል ዕዳ ያለበት ይከፍላል፣ የተቀያየመው ይታረቃል፣ አደራ ያለው አደራውን ይሰጣል። እናት በሶና ዳቦ ቆሎ ትሰንቃለች፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ጓደኛ እስከ ወንዙ ወይም እስከ መኪናው መሳፈሪያ ድረስ ይሸኛል። የሸኘ ሰው ወዳጁ በየት በኩል እንደሄደ ያውቃል፤ ቢጠየቅም «በዚህ በኩል ሄደ፣ በሰላም ተለያየን» ብሎ ይመልሳል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ቤተ እስራኤሎች በደምቢያ፣ በወገራ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወልቃይትና በትግራይ በየመንደሩ ተበትነው የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ወንዱ ያርሳል፣ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸማ ይሠራል፤ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። የክርስቲያኑ ገበሬ ማረሻ የሚወጣው ከእነሱ ወናፍ ነበር፤ ጋኑም፣ ምጣዱም፣ ጀበናውም ከእነሱ እጅ። አብሮ መኖሩ ግን ወሰን ነበረው። በንጽሕና ሕጋቸው ምክንያት «አትንኩኝ» ይባሉ ነበር። ሥጋ አብረው አይበሉምና ለድግስ የጠራቸው ክርስቲያን ወዳጅ በጉን ከነነፍሱ ሰጥቶ ራሳቸው እንዲያርዱት ያደርግ ነበር። ይህ ትልቅ አክብሮት ነው። ነገር ግን ያው ጎረቤት በሌላ ቀን «ፈላሻ» ይላቸዋል፣ ልጁ ሲታመምበት ደግሞ «ቡዳ ናቸው» ብሎ ይጠረጥራቸዋል። አብዛኞቹ ርስት ስላልነበራቸው በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው ኖረዋል። እንግዲህ ወዳጅነቱም ንቀቱም በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ነበሩ። ይህን ሳንናገር ስለ ስንብቱ ብቻ ብናለቅስ ታሪክ አይሆንም።

ኢየሩሳሌም ለመግባት ሲነሡ የ1977ቱ የመጀመሪያቸው አልነበረም። በ1862 እ.ኤ.አ.፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ አባ ማሐሪ የሚባሉ መነኩሴ ቀኑ ደርሷል ብለው ሕዝቡን አስነሡ። ያ ጉዞ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉ እያየ የተደረገ ነበር። ሰው እርሻውንና ከብቱን ትቶ፣ ባሕሩ ይከፈልልናል በሚል እምነት ወደ ቀይ ባሕር አቅጣጫ ነጎደ። ትግራይ ሲደርሱ ረኀቡና በሽታው ጨረሳቸው፤ ብዙው ሞተ፣ የተረፈው ተመለሰ። በግልጽ ተሰናብቶ የሄደው ትውልድ ሳይደርስ ቀረ ማለት ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1973 እ.ኤ.አ. የእስራኤል የሴፋርድ ዋና ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤሎች አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ፤ በ1975 ደግሞ የእስራኤል መንግሥት በመመለስ ሕጉ እንዲገቡ ተቀበለ። ግን ምን ይሆናል! በዚያው በ1973 ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣ ነበር። የሚገርመው ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያርሱትን መሬት በእጃቸው አስገባላቸው። በአንድ ወገን መሬት ተገኘ፣ በሌላ ወገን የሺህ ዓመት ናፍቆት በር ተከፈተ። በሩ ግን ከውጭ ነው የተከፈተው፤ ከውስጥ ተቆልፏል። ደርግ ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣትን ወንጀል አድርጎት ነበርና።

በ1977 እ.ኤ.አ. ደርግና እስራኤል በምስጢር ተስማምተው ጥቂት ሰዎች በአውሮፕላን ወጡ። በየካቲት 1978 እ.ኤ.አ. የእስራኤሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን አገራቸው ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መሸጧን በአደባባይ ተናገሩ። ደርግ ተቆጣ፣ መንገዱም ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ የቀረው የእግር መንገድ ነው፤ በሱዳን በኩል። ይህን መንገድ ካስጀመሩት አንዱ ፈረደ አክሉም ነበር። ቀድሞ ሱዳን ገብቶ ወደ ኋላ እየላከ ሌሎች እንዲከተሉት አደረገ። መጀመሪያ የትግራይና የወልቃይት ሰዎች ወጡ፣ ቀጥሎ ጎንደሬው።

እንግዲህ ወደ ስንብቱ እንምጣ። የሄዱት ሰዎች ሲተርኩ ነገሩ በየቤቱ ተመሳሳይ ነው። አባት ከብቱን ገበያ አውጥቶ በአንዴ አይሸጥም፤ ሰው ያውቅበታላ! እናት ስንቁን የምታዘጋጀው ሌሊት ነው። የቆሎው ሽታ እንኳ ጎረቤት ይጠራል። ልጆች አፍ አይቋጥሩምና አይነገራቸውም፤ አንዱ ጠይቆ ካስቸገረ «ለቅሶ ልንደርስ ነው»፣ «ሠርግ ተጠርተን ነው» ይባላል። ከዚያ በአንዱ ሌሊት በሩ ይዘጋል። ክርስቲያኑ ጎረቤት ጠዋት ሲነቃ የማይጨስ ቤት ያያል፤ ውሻው ደጃፍ ላይ ተኝቷል። ማረሻ ለማስቀጥቀጥ የሰጠ ሰው ማረሻውን የሚጠይቀው ሰው የለም። ዕዳው አልተከፈለም፣ ቂሙም አልተፈታም፣ ምርቃቱም አልተሰጠም።

ሌሊት ይሄዳሉ፣ ቀን በጫካ ይደበቃሉ። መንገዱ ሳምንታት ይወስዳል፤ ሽፍታ አለ፣ ወታደር አለ፣ ውሃ ጥም አለ። ሱዳን ሲገቡ ደግሞ ከጦርነቱና ከ1977 ዓ.ም. ረኀብ ከሸሸው እልፍ አእላፍ ስደተኛ ጋር ተቀላቅለው፣ ማንነታቸውን ሸሽገው እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች ተቀመጡ። በመንገድና በመጠለያ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። ጎረቤቱን ያልተሰናበተ ሰው ልጁንም እናቱንም በወጉ ሳይሰናበት ቀበረ።

ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. ድረስ «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከሱዳን በብራስልስ በኩል አድርገው ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። ምን አቆመው ብትሉ፣ አሁንም ወሬ ነው። አንድ የእስራኤል ባለሥልጣን ለአንድ መጽሔት የሰጠው ቃል ወጣ፣ መንግሥቱም በመግለጫ አረጋገጠ፣ ሱዳን በዐረብ አገሮች ፊት መቆም አቃታትና በሩን ዘጋች። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያልተማረ የሚባለው ገበሬ ለቅርብ ወዳጁ እንኳ ሳይተነፍስ ምስጢሩን ዓመታት ይዞታል፤ ሚኒስትሮቹና ባለሥልጣኖቹ ግን ሁለት ጊዜ አፋቸውን መያዝ አቃታቸው። የዝምታውን ዋጋ የከፈለው ገበሬው፣ የወሬውንም ዋጋ የከፈለው እሱ። በሩ ሲዘጋ ባል ወዲያ፣ ሚስት ወዲህ የቀሩ ብዙ ናቸው።

በ1983ቱ ጉዞ ነገሩ ተለወጠ። በ1989 እ.ኤ.አ. ግንኙነቱ ታድሶ ስለነበር ሰዉ ከጎንደር ንብረቱን በቀን ሸጦ፣ ጎረቤቱን ስሞ አዲስ አበባ መጣና ወራት ጠበቀ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር በወጡ በሦስተኛው ቀን፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ተወሰዱ። በአንድ ቦይንግ 747 ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ተጫነ። የያዙትን ዕቃ እንኳ አብዛኞቹ ጥለው ነው የተሳፈሩት። መንደራቸውን ግን ተሰናብተው ነበር፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

ከዓመታት በኋላ ከእስራኤል ወደ መንደራቸው ለጉብኝት የሚመለሱ አሉ። የድሮ ወዳጅ ሲገኝ መተቃቀፍ አለ፣ ልቅሶ አለ፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ «ምነው ሳትነግረኝ?» ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ ለቀረው እናዝናለን፤ ክህደት ይመስለናል። እኔ ግን ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኳችሁን አንሥቼ እመልሳለሁ። የሸኘ ሰው መንገዱን ያውቃል። በዚያ ዘመን መንገዱን ያወቀ ሰው ደግሞ በገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ፊት ቀርቦ «በየት ሄዱ? ማን መራቸው?» ተብሎ ይጠየቃል። ተናገረ እንበል፣ ወዳጁን ያስይዛል። ካልተናገረ ይገረፋል። ያላወቀ ግን «አላውቅም» ሲል እውነቱን ነው። ስለዚህ ዝምታው ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ለወዳጅ የተተወለት ብቸኛ ከለላ ነበር። አዎ፣ በአንዳንዱ ልብ ውስጥ ከዚሁ ጋር ጥርጣሬም ነበረበት፤ «ቡዳ» ያለኝ ሰው አሳልፎ አይሰጠኝም ብሎ ማን ይተማመናል? ጎረቤቱም ይህን ጥያቄ ራሱን መጠየቅ አለበት፤ «ምነው ሳትነግረኝ?» ከማለቱ በፊት፣ «የሚነገረኝ ሰው ነበርኩ ወይ?» ማለት ይገባዋል።

ነገሩ የቤተ እስራኤሎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የእኛ ዓይነት ተማሪዎች በሱዳን፣ በጅቡቲና በኬንያ በኩል ሲወጡ እናታቸውን አልሳሙም። ጠዋት ባዶ አልጋ ያየች እናት በየከተማው ነበረች። እሷም የማታውቀውን እንዳትናገር ነው ያልተነገራት።

ዛሬ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ በመንገድ ላለቁት መታሰቢያ ቆሟል፤ የስግድ በዓልም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስራኤል የመንግሥት በዓል ሆኗል። ለሞቱት መታሰቢያ አላቸው። ከጎንደር መንደሮች ወዲህ ለቀረው፣ የዘጋ ቤት ላየው ጎረቤትና ላልተከፈለችው ትንሽ ዕዳ ግን መታሰቢያ ያቆመ የለም።

ታዲያ ለዶርማችን ልጅ ምን እንበለው? እኔ ያልኩትን ልንገራችሁ። «ሳትሰናበት ብትሄድ ይሻልህ ይሆናል፤ ግን አንተን የሚከለክልህ የለም፣ እኛንም የሚጠይቀን የለም። በቀን፣ በስምህ፣ በሻንጣህ ነው የምትሄደው። ይህን ያጡ ሰዎች ነበሩና አትናቀው» አልኩት። ዝም አለ። በማግሥቱ ከግቢው በር እስከ ታክሲው ድረስ ሰባት ሆነን ሻንጣውን ተሸከምንለት። ከእኔ የተበደረውን ሃያ ብርም እዚያው ከፈለኝ። አልቀበልም ልል ነበር፤ ግን ተቀበልኩት።