ጀንትሪፊኬሽን በሐዋሳ ስሙ ማን ነው?

«ጀንትሪፊኬሽን» ወደ አማርኛ ሲመለስ አንዴ «መልሶ ማልማት»፣ አንዴ «መፈናቀል» ይባላል። ሁለቱም ልኩ አይደሉም።

ቃሉን በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያዋ ሩት ግላስ ናት። «ጀንትሪ» የእንግሊዝ ባለርስት ነው፤ ወደ እኛው ባላባት ይጠጋል። የለንደንን የሠራተኛ ሰፈር ደህና ገቢ ያለው እየገዛ ሲያድሰው አይታ ነው ቃሉን ያወጣችው፤ ስላቅም አለበት። ቃሉ ዋሽንግተን ሲደርስ የዘር ጉዳይ ተጨመረበት፦ የጥቁሮች መናኸሪያ በነበረው ዩ ስትሪት ኪራዩ ሲንር ብዙ ነባሮች ለቀቁ፤ ሰፈሩን በምግብ ቤቶቻቸው ያሟሟቁት ኢትዮጵያውያንም ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ አፈገፈጉ።

ሐዋሳስ? የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ክፍል እየተጋሩ ተከራዩ፤ ኪራይም ተወደደ። ይህ ጀንትሪፊኬሽን አይደለም፤ የመጣው ባለገንዘብ ሳይሆን ዝቅተኛ ደሞዝተኛ ነውና። በግሬደርና በካሳ የሚካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራም መልሶ ማልማት ነው። ሐይቅ ዳር ሪዞርት ሲበዛ፣ የቦታ ዋጋ ሲሰቀል፣ ነባሩ ማንም «ውጣ» ሳይለው ሲወጣ ግን ቃሉ ልክ ይሆናል።

ታዲያ በአማርኛ «ነባር ገፊ እድሳት» ቢባልስ? «ገፋ» ከግዕዙ «ገፍዐ» ጋር የሚዛመድ፣ ከ«ግፍ» ጋርም ሥር የሚጋራ ነው። «የሰፈር ግፊያ» ያጥራል፤ ችግሩ የታክሲ ሰልፍን ማስታወሱ ነው።