የአገር ናፍቆትና ጤና

ናፍቆት የልብ ጉዳይ ብቻ ይመስለናል፤ የሕክምና ታሪክ ግን ከበሽታ የቈጠረበት ዘመን ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ወጣት በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ባቀረበው የሕክምና ጽሑፍ ለአገር ናፍቆት «ኖስታልጊያ» የሚል የደዌ ስም አወጣለት።

ይህን ስናነብ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ይታወሰናል። በ1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወለደ፤ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና በጉዞው መጀመሪያ ዐረፉ። አማርኛ ዐዋቂው ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲም ጥቂት ዓመታት አሳድጎት ተለየው። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ በሳንባ ሽፋን ሕመም ዐረፈ። ናፍቆት ገደለው ብለን አንፈርድም፤ ነገር ግን አገሩን በቋንቋው የሚያነሣለት ዘመድ ባልጋው አጠገብ አልነበረም።

ዛሬ ናፍቆት ከበሽታ አይቈጠርም። እንዲያውም ተመራማሪዎች ያለፈውን በጎ ዘመን ማስታወስ ብቸኝነትን እንደሚያስታግስ ይናገራሉ። የደብረ ታቦር ሽማግሌ ከእኩዮቹ ጋር የጥንቱን እያነሣ ሲጫወት ፊቱ የሚፈካው ስለዚህ ነው። እንግዲህ በሥራ ዝውውር ከአገሩ የራቀውን ባልደረባችንን፥ ከወላጆቹ የተለየውን ተማሪያችንን፥ እኩዮቹን የቀበረውን ሽማግሌ ስለ ትውልድ አገሩ እንጠይቅ፤ ሲነግረንም እንስማ። ናፍቆት ሰሚ ሲያገኝ መጽናኛ፥ ሰሚ ሲያጣ ሸክም ይሆናልና።