የጐንደርና የስናር ድንበር፤ የጦር ሜዳም የመጠጊያም አገር

የሁለት መንግሥታት የድንበር ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ጸሐፊው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በጦርነቱ ላይ ነው። ማን ዘመተ፣ ማን ድል ነሣ፣ ማን ተሸነፈ የሚለው በመጀመሪያ ይጠየቃል። ነገር ግን ጦርነት ጥቂት ወራት የሚቈይ ነው፤ ከአንዱ ጦርነት እስከ ሌላው ድረስ ያሉት ብዙ ዓመታት በነጋዴ፣ በመንገደኛ፣ በቀረጥ ሰብሳቢና በስደተኛ የተሞሉ ናቸው። በጐንደርና በስናር መካከል የነበረው ድንበር ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆናል። በዚያ አገር ነገሥታት ሁለት ጊዜ በብርቱ ተዋግተዋል፤ ሁለት ጊዜም ከዙፋኑ የወረደ የስናር ንጉሥ ወደ ኢትዮጵያ ሸሽቶ መጠጊያ አግኝቷል። ከሁለቱ ታሪኮች በትምህርት ቤት ዘወትር የሚነገረው የፊተኛው ነው፤ ሁለተኛው ግን ከእርሱ ያላነሰ ትምህርት ይዟል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከጐንደር ተነሥቶ ጭልጋን አልፎ ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ ደጋውን ከኋላው ትቶ ወደ ሰፊ የቈላ ሜዳ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ዛሬ በሱዳን ውስጥ የገዳሪፍ ግዛት የሚባለው አገር፣ መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ጭቃው ሰውንም ከብትንም ይይዛል። ወንዞቹ ግን ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱ ናቸው። ጓንግ ከጣና በስተ ሰሜን ተነሥቶ ወደ ታች ሲደርስ አትባራ ይባላል፤ ተከዜም ሰቲት ተብሎ ከእርሱ ጋራ ይገናኛል፤ ረሃድና ድንድር ወደ ዓባይ ይገባሉ። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ይሞላሉ፤ ንዳድም ይበረታል፤ መንገዱም ይዘጋል። ስለዚህ ነጋዴውም ወታደሩም የሚንቀሳቀሰው በበጋ ነበረ።

የዚህ ድንበር ታሪክ የሚጀምረው ዓለም በሙሉ በምትናወጥበት ዘመን ነው። በ1498 ፖርቱጋሎች አፍሪካን ዞረው ሕንድ ደረሱ፤ በ1504 አማራ ዱንቃስ የሚባለው መሪ የፉንጅን መንግሥት አቋቋመ፤ መናገሻውም በዓባይ ዳር ያለችው ስናር ሆነች። በ1517 የኦቶማን ቱርኮች ግብፅን ያዙ። ኢትዮጵያም ከ1529 እስከ 1543 በኢማም አሕመድ ጦርነት ተፈተነች፤ በ1557 ደግሞ ቱርኮች ምጽዋን ያዙ። የባሕሩ በር በባዕድ እጅ ከወደቀ በኋላ ወደ ግብፅና ወደ ውጭው ዓለም የሚያደርሰው የምዕራቡ መንገድ፣ በስናር በኩል የሚያልፈው ማለት ነው፣ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆነ። ከኢትዮጵያ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይወጣል፤ የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበረ። ከስናር ደግሞ የጥጥ ጨርቅና ፈረስ ይመጣል። የፈረሱ ንግድ ቀላል ነገር አልነበረም፤ የዚያ ዘመን ንጉሥ ያለ ፈረሰኛ ጦር ንጉሥነቱ አይጸናምና።

በ1606 ገደማ የስናር ንጉሥ ዓብደል ቃድር በመንግሥቱ ሰዎች ተገልብጦ ከዙፋኑ ወረደ። ሸሽቶም ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ዓፄ ሱስንዮስ፣ እርሳቸውም ዙፋናቸውን ገና በጦርነት የያዙ ንጉሥ ነበሩ፣ ስደተኛውን ተቀብለው ጭልጋን እንዲገዛ ሰጡት። ምርጫው በማስተዋል የተደረገ ይመስላል። ጭልጋ ከደጋው ወደ ቈላው የሚወርደው መንገድ በር ነው፤ የወዲያውን አገር ቋንቋና ሰው የሚያውቅ ገዥ በዚያ መኖሩ ለነጋዴውም ለንጉሡም ይጠቅማል። ነገር ግን የአንዱ እንግዳ የሌላው ጠላት ነውና በስናር ቅሬታን አሳደረ። በኋላ ይህን ታሪክ የጻፈው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ እንደሚተርከው፣ ንጉሥ ባዲ ለዓፄ ሱስንዮስ ያረጁ፣ ዕውርና አንካሳ የሆኑ ሁለት ፈረሶች ገጸ በረከት አድርጎ ላከ። በፈረስ በሚታወቅ አገር እንዲህ ያለ ስጦታ ስድብ መሆኑን የማይረዳ አልነበረም።

በዚህ ላይ በድንበሩ ያሉት ሹማምንት ከወዲህም ከወዲያም ከብት ይዘርፉ፣ ሰው ይማርኩ ነበረ። በ1618 እና በ1619 የዓፄ ሱስንዮስ ጦር ወደ ቈላው ወርዶ የድንበሩን አገር ወጋ፤ ብዙ ምርኮና ዘረፋም ይዞ ተመለሰ። ስናርን ግን አልያዘም፤ የያዘውንም የቈላ አገር ጠብቆ ሊቀመጥበት አልቻለም። ከጦርነቱ በኋላ ድንበሩ ከሞላ ጐደል በነበረበት ቀረ። የተለወጠው ነገር ቢኖር ቤቱ የተቃጠለበትና ልጁ የተማረከበት ሰው ኑሮ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሰማኒያ ዓመት ታሪክ ከጦርነቱ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው፤ ጸጥ ያለ በመሆኑም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በ1632 ዓፄ ፋሲለደስ ነገሡ፤ በ1636 ገደማ ጐንደርን ቈረቈሩ። ከተማዪቱ ስታድግ ገበያዋም አደገ፤ የስናር ነጋዴ ወደ ጐንደር፣ የጐንደር እስላም ነጋዴ ወደ ስናር ይመላለስ ነበረ። በዘመነ ኢያሱ ቀዳማዊ ሁኔታው ምን ይመስል እንደ ነበረ የሚያሳይ አንድ ምስክር አለ። ንጉሠ ነገሥቱ የቈዳ ሕመም ስላደረባቸው ሐጂ ዓሊ የሚባለውን ወኪላቸውን ሐኪም እንዲፈልግ ወደ ካይሮ ላኩት። ሐጂ ዓሊም ሻርል ፖንሴ የሚባለውን ፈረንሳዊ ሐኪም አገኘ። በ1698 ከካይሮ ተነሥተው በስናር ወራት ከተቀመጡ በኋላ ድንበሩን ተሻግረው በሐምሌ 1699 ጐንደር ገቡ። አብሮት የነበረው ኢየሱሳዊ ካህን ግን ጐንደር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በመንገድ ሞተ። ፖንሴ ንጉሠ ነገሥቱን አክሞ በሚቀጥለው ዓመት በምጽዋ በኩል ተመለሰ።

ፖንሴ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ በተለይ ሊታሰብ የሚገባው ነው። በጭልጋ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ፣ የስናር ንጉሥ የራሱን የቀረጥ ሹም አስቀምጦ ነበረ፤ ከስናር በሚመጣው ጥጥ ላይ የሚሰበሰበውም ቀረጥ ለሁለቱ ነገሥታት እኩል ይካፈል ነበረ። አንደኛው ክርስቲያን፣ ሁለተኛው እስላም ነው፤ አባቶቻቸው ተዋግተዋል፤ ሆኖም በአንድ ኬላ ላይ ተስማምተው ገቢውን ለሁለት ይከፍሉ ነበረ። ከመቶ ዓመት በፊት ለአንድ ስደተኛ የተሰጠችው ጭልጋ አሁን የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ኬላ ሆነች። ከ1618 ዘመቻ ይልቅ ይህ ስምምነት ለብዙ ሰው እንጀራ ሳይሆን አልቀረም።

እንዲህ ያለው ሰላም ግን በጥርጣሬ በቀላሉ የሚናጋ ነበረ። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ ዐሥራ አራተኛ ዱ ሩል የሚባለውን መልእክተኛ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። የስናር ቤተ መንግሥት ፈረንሳዊው ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና ዕርዳታ ሊያመጣ ነው ብሎ ጠረጠረ። በኅዳር 1705 ዱ ሩልና አብረውት የነበሩት በስናር ተገደሉ። በመንገዱ ላይ የአንድ እንግዳ ደም ስለ ፈሰሰ የጐንደርና የአውሮፓ መልእክት ለብዙ ጊዜ ተቋረጠ።

ከሁሉ የከፋው ቀን የመጣው በ1744 ነው። ዓፄ ኢያሱ ዳግማዊ በሕፃንነታቸው የነገሡ ሲሆን መንግሥቱን ከእናታቸው ከእቴጌ ምንትዋብ ጋራ ይዘው ነበረ። ብሩስ እንደሚለው፣ ወጣቱ ንጉሥ ከጦርነት ይልቅ ሕንፃና ጌጥ ይወዳሉ እየተባሉ በጐንደር ይታሙ ነበረ፤ ወደ ስናር የዘመቱትም ይህን ሐሜት ለማጥፋት ነው። ይህ እውነት ከሆነ ብዙ ሺህ ሰው ያለቀው ለአንድ ስም ክብር ነበረ ማለት ነው። ጦሩ ቈላውን አቋርጦ እስከ ድንድር ወንዝ ድረስ ዘለቀ። የስናር ንጉሥ ባዲ አቡ ሽሉክ በበኩሉ ጦሩን አሰለፈ። የፉንጅን ጦር ለድል ካበቁት አንዱ ከምዕራብ፣ ከዳርፉር ወገን፣ አገሩን ሸሽቶ በስናር የተጠጋው ኸሚስ የሚባል መስፍን ነበረ። በሚያዝያ 1744 የኢትዮጵያ ጦር በድንድር አጠገብ ተሸነፈ፤ ብዙው ክፍል አለቀ።

ከሰው እልቂት ሌላ ጐንደርን ያሳዘነው ነገር ኰርዓተ ርእሱ የሚባለው፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የጌታ ሥዕል፣ በጠላት እጅ መውደቁ ነበረ። ይህ ሥዕል ከነገሥታቱ ጋራ ወደ ጦርነት የሚወጣ፣ መሐላ የሚፈጸምበት ነበረ። ከግማደ መስቀሉ ክፍልም አብሮ ተማርኮ ነበረ ይባላል። ብሩስ እንደ ጻፈው ሥዕሉ በ8000 ወቄት ወርቅ ተቤዥቶ ተመለሰ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የጦርነቱ ቍስል ገና ሳይጠግግ ድርድሩን የሚያካሂድ ሰው፣ ወርቁን የሚያደርስ፣ ሥዕሉንም ተቀብሎ የሚያመጣ መኖሩ ነው። ሰይፍ የዘጋውን መንገድ ንግድና ሽምግልና ከፈቱት። በዚሁ ስም የሚታወቀው ሥዕል በ1868 በእንግሊዞች እጅ ከመቅደላ ተወሰደ፤ ያን ጊዜ ግን የሚቤዠው አልተገኘም።

ድል ያደረገው ባዲ ከፍ ያለ ዝና አገኘ። ዳሩ ግን ድል ዙፋንን አያጸናም። በ1762 በገዛ ጦር አለቃው በሙሐመድ አቡ ሊከይሊክ መሪነት ተገለበጠ፤ ልጁ ናስርም በእርሱ ፈንታ ተቀመጠ። የድንድሩ ባለ ድል ሸሽቶ የደረሰው የት ነው ቢባል፣ ወደዚያው ወደ ወጋው አገር፣ ወደ ኢትዮጵያ ነው። በዚያን ጊዜ የነገሡት የተሸነፉት የዓፄ ኢያሱ ልጅ ዓፄ ኢዮአስ ነበሩ፤ እቴጌ ምንትዋብም ገና በሕይወት ነበሩ። ልጃቸውን ያሸነፈው፣ የአገራቸውን ሰው የፈጀው፣ ሥዕሉን የማረከው ንጉሥ በደጃቸው ቆመ። የበቀል ቀን ቢሆን ኖሮ ከዚያ የተመቸ አይገኝም ነበረ። እቴጌይቱና ንጉሠ ነገሥቱ ግን የእቴጌይቱ ወንድም ራስ ወልደ ልዑል የሰጡትን ምክር ሰምተው ስደተኛውን ተቀበሉት፤ ዕድሉ እስኪለወጥ ድረስም በመተማ አካባቢ ያለውን ራስ አል ፊልን እንዲገዛ ሾሙት። ባዲ በኢትዮጵያ ምድር ክፉ አልደረሰበትም። የልጁ የናስር ወገኖች አባብለው ወደ አገሩ መለሱት፤ በዚያም ተገደለ።

ከዐሥር ዓመት በኋላ ጀምስ ብሩስ ከጐንደር ወደ ስናር የተጓዘው በዚያው መንገድ ነው። በ1772 በራስ አል ፊል አድርጎ ወደ አትባራ አውራጃ ሲገባ የድንበሩ ሹም ለጊዜው ቢያግተውም አልፎ ስናር ደረሰ። ያን ጊዜ ሁለቱም መንግሥታት ደክመው ነበረ፤ በጐንደር የመሳፍንት ዘመን ተጀምሯል፤ በስናርም ንጉሡ በሹማምንቱ እጅ ነበረ። በ1821 የግብፅ ጦር ስናርን ይዞ የፉንጅን መንግሥት አጠፋ። በ1889 ዓፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ፤ በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋራ በተዋዋሉት ውል ድንበሩ በወረቀት ተጻፈ።

ወረቀቱ ግን የአገሩን የቈየ ጠባይ አልለወጠውም። በ1984 እና በ1985 ረኃብ በጠናበት ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ገዳሪፍና ወደ አካባቢው ተሰደዱ። በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ በዐሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ሰቲትን ተሻግረው በገዳሪፍ ግዛት ውስጥ በኡም ራኩባ መጠለያ አገኙ። በሚያዝያ 2023 ደግሞ ጦርነቱ በሱዳን ተነሣ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሱዳናውያንም በገላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ። ትናንት የተቀበለው ዛሬ ተቀባይ ፈላጊ ሆነ። መሸሸጊያቸው ሁልጊዜ ያለ ችግር ነበረ ማለት አይቻልም፤ ስደት በየትኛውም ዘመን መራራ ነው። ሆኖም መንገዱ ያው መንገድ፣ በሩም ያው በር ነው።

ይህ ታሪክ በክፍል ውስጥ በሚነገርበት ጊዜ ድንድር መዝለል አይገባውም፤ የሞቱት ሰዎች ሊታወሱ ይገባል። ነገር ግን ተማሪው ስለ ድንድር ሰምቶ ስለ ጭልጋው ቀረጥ ሳይሰማ ከቀረ፣ የባዲን ድል አውቆ የባዲን ስደት ሳያውቅ ከቀረ፣ ጐረቤቱን የሚያውቀው በግማሽ ነው። በግማሽ የሚታወቅ ጐረቤት ደግሞ በቀላሉ ጠላት ይሆናል። በመተማም ሆነ በገዳሪፍ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የስደተኛ ልጅና የአገሬው ልጅ ጐን ለጐን በሚቀመጡበት ክፍል የመምህሩ ኃላፊነት ከባድ ነው። የቱን ታሪክ በመጀመሪያ እንደሚነግራቸው መምረጥ የእርሱ ፈንታ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በደጃቸው የቆመውን ሰው ባዩ ጊዜ የድንድርን ቀን አልረሱም፤ ሆኖም በሩን ከፈቱለት።