የኦንላይን ማስተማሪያ ድረ ገጽ ሥርዓት አመራረጥ፦ መነሻው የተማሪው ስልክ ነው

ሚሽሪፍ ከኩዌት ከተማ በስተደቡብ የሚገኝ የመኖሪያ አካባቢ ነው። ይበልጥ የሚታወቀው የኩዌት ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ በየዓመቱ በሚካሄድበት የኤግዚቢሽን ማዕከሉ ነው። በምዕራብ ሚሽሪፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ የጀመረው የባሕረ ሰላጤ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት የኤግዚቢሽን አዳራሾቹ የክትባት ማዕከል ሆነው ሲያገለግሉ፣ የኩዌት ተማሪዎችም ትምህርታቸውን ከቤታቸው በኢንተርኔት ተከታትለዋል።

በእንዲህ ዓይነት ሰፈሮች በቤት ሠራተኝነት ከተሰማሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 የቀኑን ሥራ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀንም ይፈቅዳል። ዐረብኛ፣ የሒሳብ አያያዝ ወይም የኮምፒውተር ሙያ መማር የሚሹ ሠራተኞች ለትምህርት የሚተርፋቸው ከዚህ የቀረው ጊዜ ብቻ ነው። የመማሪያ ክፍላቸውም በአብዛኛው የእጅ ስልካቸው ነው። በመሆኑም በአማርኛ የሚያስተምር ድረ ገጽ ለመክፈት የሚነሳ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «የትኛው ሥርዓት ታዋቂ ነው?» ሳይሆን «ተማሪው በምን፣ መቼና እንዴት ይማራል?» የሚለውን ነው።

ሁለት ዓይነት ሥርዓቶች

የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ማለት የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ሰው ጽሑፍ፣ ሥዕል፣ ድምፅና ቪዲዮ በድረ ገጽ ላይ እንዲያወጣ፣ እንዲያርምና እንዲያደራጅ የሚያስችል ሶፍትዌር ነው። የትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ከዚህ ይለያል፤ ትምህርቱን ከማውጣት አልፎ ተማሪዎችን ይመዘግባል፣ ፈተና ይሰጣል፣ ውጤት ይይዛል፣ የምስክር ወረቀት ያዘጋጃል።

ከመጀመሪያው ወገን ዎርድፕረስ በስፋት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በማት ሙለንዌግና በማይክ ሊትል የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይጠቀሙበታል። ዋና ጥቅሙም ከዚሁ የሚመነጭ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ አዲስ አበባም ሆነ ኩዌት ማግኘት አያስቸግርም። ፈተናና የተማሪ ምዝገባ የሚጨመሩበት ግን በፕለጊኖች ነው። እያንዳንዱ ፕለጊን የየራሱ አዘጋጅና የማሻሻያ ጊዜ አለው። ሳይሻሻል የቆየ ፕለጊን ደግሞ ለሰርጎ ገቦች የተከፈተ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በድሪስ ቡይታርት ይፋ የሆነው ድሩፓል በብዙ ቋንቋዎች ለሚሠራ ትልቅ ተቋም ይመቻል፤ ሆኖም ያለ ቋሚ ባለሙያ ማስተዳደር ያዳግታል።

ከሁለተኛው ወገን ቀዳሚው ሙድል ነው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2002 ይፋ ሆነ። ፈጣሪው ማርቲን ዱጊያማስ ልጅነቱን በአውስትራሊያ በረሃ አሳልፎ፣ ትምህርቱን በሬዲዮ የተከታተለ ሰው ነው። ሙድል ትምህርትን በኮርስ ያደራጃል፣ የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤት ይይዛል፤ የስልክ መተግበሪያውም ትምህርቱን አስቀድሞ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለመከታተል ያስችላል። ድካሙ፣ ገጾቹ ለጀማሪ የተጨናነቁ መስለው መታየታቸውና ከዎርድፕረስ የላቀ የሰርቨር አቅም መጠየቁ ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲና ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ከመሠረቱት ኤዴክስ የተገኘው ኦፕን ኤዴክስ እጅግ ብዙ ተማሪ ለሚያስተናግድ ተቋም የተሠራ በመሆኑ ለአነስተኛ ጅምር ከባድ ሸክም ነው።

እነዚህ አራቱ ክፍት ምንጭ ናቸው፤ ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል፤ ሰርቨርና ባለሙያ ግን ገንዘብ ይጠይቃሉ። ሌላው አማራጭ በየወሩ እየተከፈለበት በኩባንያ ሰርቨር ላይ የሚሠራ አገልግሎት ነው። ይህ በአንድ ቀን ሊጀመር ይችላል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ከሆነ ግን በኩዌት ደመወዝ የሚያገኘው አዘጋጅ የሚችለውን፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ላይችለው ይችላል። ክፍያው የተቋረጠ ዕለት ትምህርቱም አብሮ ሊዘጋ ይችላል።

የአማርኛ ፈተና

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከተካተተ ወዲህ ሥርዓቶቹ አማርኛን ማሳየት አያቅታቸውም። ችግሩ ያለው በፍለጋ ላይ ነው። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ቃል ሲሆኑ፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ተማሪው «ሒሳብ» ተብሎ የተጻፈውን ትምህርት «ሂሳብ» ብሎ ቢፈልግ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ሊደርሰው ይችላል። በአጭር መልስ ፈተናም ትክክለኛው መልስ በፊደል ልዩነት ብቻ ስሕተት ይባልበታል። ስለዚህ በፈተና የአጻጻፍ አማራጮችን ሁሉ በትክክለኛነት መመዝገብ፣ በፍለጋ ደግሞ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ የሚያደርግ ማስተካከያ መጨመር ያስፈልጋል።

የሰዓት አቆጣጠርም ትኩረት ይሻል። ኢትዮጵያና ኩዌት በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ይገኛሉ፤ ቀጥታ ትምህርት ለሚሰጥ መምህር ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ 20፡00 ብሎ የሚያሳየው ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። የፈተና መዝጊያ ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ካልተገለጸ የደከመበትን ፈተና በስድስት ሰዓት ልዩነት የሚያጣ ተማሪ ይኖራል።

ዳታና ስልክ

የአንድ ትምህርት ክብደት በቀላል ስሌት ይታወቃል። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚፈስ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 75 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ያንኑ ንግግር በሴኮንድ 32 ኪሎቢት በሆነ ድምፅ ማቅረብ 2.4 ሜጋባይት ብቻ ይፈጃል። የዐረብኛ አነጋገር ለመማር ድምፅና ጽሑፍ በአመዛኙ ይበቃሉ፤ የኮምፒውተር አጠቃቀም ግን ማሳያ ቪዲዮ ይፈልጋል። ስለዚህ የሚመረጠው ሥርዓት ትምህርቱን በድምፅ፣ በጽሑፍና በቪዲዮ ለየብቻ ማቅረብ የሚችል፣ ተማሪው ያቆመበትን ቦታ የሚያስታውስና በዋይፋይ የወረደውን በኋላ የሚያሳይ መሆን አለበት።

መውጫው በር

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጥያቄ ሥርዓቱን ለቆ መውጣት የሚቻልበት መንገድ ነው። ዎርድፕረስ ጽሑፎቹን፣ ሙድል ደግሞ ሙሉ ኮርሱን በፋይል አውጥቶ ወደ ሌላ ሰርቨር ለማዛወር ያስችላሉ። በስኮርም ደረጃ የተዘጋጀ ትምህርትም በተለያዩ የትምህርት ሥርዓቶች ላይ ይሠራል። ከኩባንያ አገልግሎት ጋር ከመዋዋል በፊት የትምህርቱም ሆነ የተማሪዎቹ ውጤት በምን መልክ ሊወጣ እንደሚችል ማረጋገጥ ይገባል። የድረ ገጹ ስም በአንድ ግለሰብ ሳይሆን በተቋሙ ስም ይመዝገብ፤ የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይያዙት፤ መጠባበቂያ ቅጂም ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጥ።

ይህ ጥንቃቄ ለተማሪው ነው። ድረ ገጹ የሚሰጠው ወረቀት በኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ የሚጠየቀውን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ አይተካም፤ ይህም በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ሆኖም በዕረፍት ቀኑ የተማረውን የሚያሳይለት መዝገብ እርሱ ነው። ድረ ገጹ ሲጠፋ መዝገቡም ከጠፋ ልፋቱን የሚመሰክርለት አይኖርም። በሌላ በኩል ስምና ስልክ ቁጥር የሚሰበስብ ድረ ገጽ የተማሪዎቹን ምሥጢር የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ለትምህርቱ የማያስፈልግ መረጃ፣ በተለይም የፓስፖርት ቁጥርና የአሠሪ አድራሻ፣ ጨርሶ አለመጠየቁ ይመረጣል።

በጥቅሉ፣ ትምህርቱን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ማንበብና መስማት ብቻ ለሚፈልግ ጅምር ዎርድፕረስ ይበቃዋል። ተማሪ መዝግቦ፣ ፈትኖና ውጤት ይዞ ለሚዘልቅ ደግሞ ሙድል የተሻለ መሠረት ነው። የመጨረሻው ውሳኔ ግን ከሙከራ በኋላ ይሁን። አንድ ትምህርት ብቻ አዘጋጅቶ፣ ለአምስት ተማሪዎች በስልካቸው ልኮ፣ በዕረፍት ቀናቸው ከምዝገባ እስከ ፈተና ያለ እርዳታ መጨረሳቸውን ማየት ይበጃል። እነርሱ የተቸገሩበትን ቦታ ማስተካከል የሚፈቅደው ሥርዓት ትክክለኛው ምርጫ ነው።